ከጅማ አዲስ አበባ በቪትዝ፦ የ7 ወር ህጻንና የ5 ዓመት ልጅ እንዴት ይቀመጡ?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ጅማ ነው። በቅርቡ ያገለገለች ቪትዝ ገዛን። የእህቴ ሰርግ ስላለ ቤተሰቡ በሙሉ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የ7 ወር ሴት ልጃችንና የ5 ዓመት ወንድ ልጃችን። ወንድሜ ከጀርመን ያገለገለ የህጻን ወንበር ይዞልኝ መጥቷል፤ መመሪያው ግን የለም። አማቴ ደግሞ ልጅ ከእቅፍ የተሻለ ምን ቦታ አለው፣ እኔ እይዛታለሁ ይላሉ። ትልቁ ጋቢና ካልተቀመጥኩ ብሎ ያለቅሳል። ከተማ ውስጥስ ለአምስት ደቂቃ መንገድ ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል? ልጁ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በባጃጅ ነው።»

እህቴ፣ ጉዞው ሳይጀመር መጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። የምሰራው የህጻናት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ እኛ ጋ ይሄ ወሬ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከአደጋው በኋላ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ። ሁለቱም ልጆች ከኋላ ይቀመጣሉ። ትንሿ በራሷ ወንበር፣ ፊቷን ወደ መኪናው የኋላ መስታወት አዙራ። ትልቁ ከፍ በሚያደርግ መቀመጫ ላይ ሆኖ፣ በመኪናው ቀበቶ ታስሮ። ትልልቆቹም ሁላችሁም ቀበቶ ታስራላችሁ፣ አማትሽም ጭምር። መኪናው እየሄደ ማንም ሰው ልጅ አይታቀፍም። ብታለቅስም፣ መንገዱ አጭር ቢሆንም፣ ባለቤትሽ ቀስ ብሎ ቢነዳም። ልጅ መታሰር ያለበት ከመኪናው ጋር ነው። ሌላው የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ዝርዝር ነው።

አማትሽን ግን አትቆጫቸው። እሳቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በአንቀልባ አዝለው፣ አውቶቡስ ላይ አቅፈው ነው። ክፉ ስላልገጠማቸው እቅፋቸውን ያምኑታል። በፍቅራቸው ማንም አይመጣባቸውም፣ የጉልበት ነገር ሆኖ ነው እንጂ። እስቲ ቁጥሩን ተመልከቺው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ከሌላ መኪና ወይም ከዛፍ ጋር ሲላተም በሰከንድ አንድ አስረኛ ገደማ ውስጥ ቀጥ ይላል። መኪናው ቆመ ማለት ግን ውስጡ ያለው ሰው ቆመ ማለት አይደለም። የሚይዘው ነገር እስኪያገኝ ድረስ በዚያው ፍጥነት ወደፊት ይሄዳል። ልጅሽ 8 ኪሎ ናት እንበል። በዚያች ቅጽበት እሷን ይዞ ለማስቀረት ከ100 ኪሎ በላይ ሸክም የመያዝ ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል ማለት ነው። መርካቶ ኩንታል ቡና የሚያነሳ ጎረምሳ እንኳ ተዘጋጅቶ፣ ሰው አግዞት፣ በትከሻው ነው የሚያነሳው። ሳይዘጋጅ፣ በሁለት እጁ፣ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚይዝ ሰው የለም። እናትም አትችልም፣ አያትም አይችሉም።

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። አንዳንድ ሰው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀበቶውን በሁለቱ ላይ ያስራል፣ ተጠነቀቅኩ ብሎ። ይሄንን በፍጹም እንዳታደርጉት። ግጭት ሲመጣ የትልቁ ሰው ክብደት በሙሉ ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። ቀበቶ ሳያስር ልጅ ያቀፈ ሰውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልጁ በሰውየውና ከፊት ባለው ወንበር መካከል ይጨፈለቃል። በተቃራኒው ህጻን በራሱ ወንበር በትክክል ሲታሰር በአደጋ የመሞት እድሉ 70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እኛ ሐኪሞች ይህን ያህል የሚያድን መድኃኒት በእጃችን ቢኖር እንዴት ደስ ባለን።

ለአማትሽ ሌላ ስራ ስጫቸው። ከኋላ ከልጅቷ ጎን ይቀመጡ፣ ፊቷን ይዩ፣ አሻንጉሊቷ ሲወድቅ ያንሱላት፣ ያባብሏት። ህጻን ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ስትቀመጥ ከፊት ያለ ሰው አያያትም፤ ስለዚህ አጠገቧ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ቪትዝ ከኋላ ጠበብ ትላለች፣ ሁለት የልጅ መቀመጫ ተደርጎ መሀል ላይ ትልቅ ሰው ላይመች ይችላል። ከጉዞው በፊት ግቢ ውስጥ ሞክሩት። ለአማትሽ ካልተመቻቸው ወይም ጉልበታቸውን ካመማቸው እሳቸው ጋቢና ይቀመጡ፣ አንቺ መሀል ግቢ።

ወደ ኋላ ማዞሩ ለብዙ ሰው ግራ ይሆንበታል። «ምኑን ታያለች?» ይላሉ። ምክንያቱ አንገቷ ነው። ህጻን ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያክላል፣ ከሌላው አካሉ ጋር ሲነጻጸር በጣም ከባድ ነው። የአንገቱ አጥንቶች ደግሞ ገና አልጠነከሩም፣ በከፊል ልም አጥንት ናቸው። ወደፊት ዞሮ የተቀመጠ ህጻን ግጭት ሲመጣ ደረቱ በማሰሪያው ይያዛል፣ ጭንቅላቱ ግን ወደፊት ይወረወራል፣ አንገቱ ይለጠጣል፣ ውስጡ ያለው ህብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። ወደ ኋላ የዞረች ህጻን ግን ጭንቅላቷም አንገቷም ጀርባዋም አንድ ላይ የወንበሩ ጀርባ ላይ ይደገፋሉ፣ ጉልበቱም ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። ሀሳቡን ያመጣው በርቲል አልድማን የሚባል ስዊድናዊ ፕሮፌሰር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ገደማ። የጠፈር ተመራማሪዎች መንኮራኩር ውስጥ በጀርባቸው ተደግፈው የሚቀመጡበትን አይቶ ነው። ስዊድኖች እስከ ዛሬ ልጆቻቸውን እስከ 4 ዓመት ድረስ ወደ ኋላ አዙረው ያስቀምጣሉ። አር 129 የሚባለው አዲሱ የአውሮፓ ደንብ ደግሞ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላ ብሎ ያስገድዳል። ልጅሽ 7 ወር ናት፣ ስለዚህ ክርክር የለውም። ከ15 ወር በኋላም ቢሆን ወንበሩ የሚችለው ኪሎና ቁመት እስኪሞላ አትቸኩሉ። እግሯ ይታጠፋል ብለሽ አትጨነቂ፤ ህጻናት እግራቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ይወዳሉ።

አሁን ወንድምሽ ያመጣውን ወንበር እንየው። ያገለገለ መሆኑ ብቻውን ችግር የለውም። መጀመሪያ ወንድምሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ ወንበሩ አደጋ ደርሶበት ያውቃል? የማን እንደነበረ የማይታወቅ ከሆነ እኔ ብሆን ልጄን አላስቀምጥበትም፤ አንዴ ግጭት ያየ ወንበር ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀጥሎ ጨርቁን አውልቂውና ፕላስቲኩን ከፀሐይ ላይ አገላብጠሽ እዪው። ስንጥቅ፣ ወይም ፕላስቲክ ሲታጠፍ የሚያወጣው ነጭ መስመር ካለ ተዪው። ከውስጥ ያለው ነጩ ፎም ተሰብሮ እንደሆነም እዪ። ከስር ወይም ከጀርባው ፕላስቲኩ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ታገኛለሽ፣ ዙሪያዋን ቁጥር፣ መሀሏ ላይ ቀስት ያላት። የተሰራበትን ዓመትና ወር የምታሳይ ናት። ብዙ አምራቾች ከ6 እስከ 10 ዓመት ድረስ ነው ለስራቸው የሚተማመኑት።

ከጎኑ ደግሞ ብርቱካናማ ተለጣፊ ይኖረዋል። እዚያ ላይ ስንት ኪሎ ድረስ እንደሚችል ተጽፏል። ከ0 እስከ 13 ኪሎ የሚል ከሆነ ወደ ኋላ ብቻ የሚዞር የጨቅላ ወንበር ነው፣ ለልጅሽ ልክ ነው። ከ9 እስከ 18 ኪሎ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወደፊት የሚዞር ስለሆነ አሁን አይሆናትም። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ልጄ 9 ኪሎ ሞልቷል ብሎ በ8 ወሩ ወደፊት ያዞረዋል። ኪሎው ብቻ አይበቃም።

መመሪያው ባይኖርም የአውሮፓ ወንበር የራሱ ምልክት አለው። የመኪናው ቀበቶ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ቀለም ተቀብተዋል። ሰማያዊ ከሆነ ወደ ኋላ ለሚዞር ነው፣ ቀይ ከሆነ ወደፊት ለሚዞር። ለልጅሽ የምትከተይው ሰማያዊውን ነው። የጨቅላ ወንበር ከሆነ የቀበቶው የታችኛው ክፍል በጭኗ በኩል በሁለቱ ሰማያዊ መያዣዎች ያልፋል፣ የትከሻው ክፍል ደግሞ በወንበሩ ጀርባ ዞሮ ይታሰራል። በጎኑ ትንሽ ስዕል አለው፣ እሱን ተከተዪ። የቪትዟ ቀበቶ አጥሮ ካልደረሰ ሌላ ነገር ቀጥላችሁ እንዳታስሩት፤ በሌላኛው መስኮት በኩል ባለው መቀመጫ ሞክሩት። አይሶፊክስ የሚባል የብረት መያዣ ካላት ደግሞ በመኪናው ወንበር ጀርባና መቀመጫ መካከል እጅሽን አስገብተሽ ስትዳስሺ ሁለት ቀጫጭን ብረት ታገኛለሽ። ወንበሩም ለዚያ የተሰራ ካልሆነ ግን ብረቱ ብቻውን ምንም አይጠቅምሽም፤ በቀበቶው እሰሩት።

ይሄን ስራ ለጉዞው ጠዋት አታቆዩት። ሰው ሻንጣ እየጫነ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ «ፀሐይ ሳይወጣ እንውጣ» እየተባለ የሚታሰር ወንበር ሁልጊዜ ላላ ይላል። ቀደም ባለው ቀን ባለቤትሽ ወንበሩን በእጁ ወደ ታች ተጭኖ ይያዝ፣ አንቺ ቀበቶውን እስከመጨረሻው ሳቢ። ከዚያ ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ወንበሩን ይዘሽ ወደ ግራ ቀኝ ነቅንቂው። ከ2 ተኩል ሳንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ፍቺውና እንደገና እሰሪው። እኔ ሰዎች ሲያስሩ አያለሁ፤ ወንበሩ በጣም ውድ ይሆንና እንደ ልብ ይወዛወዛል። ርካሽ ሆኖ አጥብቆ የታሰረ ወንበር ይሻላታል።

ልጅቷ ላይ የሚያልፈው ማሰሪያም እንደዚሁ ነው። ወደ ኋላ ስትዞር ማሰሪያው ከትከሻዋ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ቀዳዳ መውጣት አለበት። ካሰርሽ በኋላ ትከሻዋ ላይ ያለውን ማሰሪያ በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ለማጠፍ ሞክሪ። ከታጠፈ ላላ ነው። ከደረቷ ጋር አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ያህል ይጥበቅ። እዚህ ላይ አንድ የጅማ ነገር አለ። ጠዋት ብርድ አለ ብለን ህጻን ጠቅልለን ጠቅልለን፣ ወፍራም ጃኬት አልብሰን፣ ከዚያ በላዩ ላይ እናስራለን። ግጭት ሲመጣ ያ ሁሉ ውፍረት ይጨማደድና ማሰሪያው ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል፣ ህጻኗም ልትወጣ ትችላለች። ቀለል ያለ ልብስ አልብሺያት፣ እሰሪያት፣ ከዚያ ጋቢውን ወይም ብርድ ልብሱን ከላይ ጣል አድርጊባት። ማሰሪያው ቆሽሾ ከሆነ በለስላሳ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። በበረኪና መዘፍዘፍ ክሩን ያደክመዋል።

ስትተኛ ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ እንዳይደፋ ወንበሩ ትንሽ ጋደል ማለት አለበት። አገጯ ደረቷን ከነካ የአየር መተላለፊያዋ ሊጠብባት ይችላል። አንዳንዱ ከጭንቅላቷ ጀርባ ትራስ ይጨምራል፤ እሱ ጭራሽ ወደፊት ይገፋታል፣ አውጪው።

ወደ ትልቁ ልጅ ልምጣ። የ5 ዓመት ልጅ ቀበቶ ያሰረ ሲመስል ሰው ይረካል፣ እዚህ ላይ ነው ረጅም ጊዜ የምወስደው። የመኪና ቀበቶ የተሰራው ለትልቅ ሰው አካል ነው። እኛ ቀበቶው የሚይዘን በዳሌ አጥንታችን ላይ ነው። የ5 ዓመት ልጅ የዳሌ አጥንት ግን ገና ትንሽ ነው፣ ቀበቶውን ቆንጥጦ የሚያስቀር ጫፍ የለውም። በዚያ ላይ እግሩ አጭር ስለሆነ ጉልበቱን ለማጠፍ ብሎ ወደፊት ይንሸራተታል። ያኔ የታችኛው ቀበቶ ወደ ሆዱ ይወጣል፣ የላይኛው ደግሞ አንገቱ ላይ ይመጣል። አንገቱን ሲያሳክከው ደግሞ ከብብቱ ስር ወይም ከጀርባው ያደርገዋል። እንዲህ ሆኖ ግጭት ከመጣ ልጁ ሆዱ ላይ ነው የሚታጠፈው። አንጀት ይቀደዳል፣ ጉበትና ጣፊያ ይጎዳሉ፣ የወገብ አከርካሪም ሊሰበር ይችላል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አስታውሺ፣ ለሌላ እናትም ንገሪ። ከማንኛውም ግጭት በኋላ የልጁን ልብስ ገልጠሽ ሆዱን እዪ። በቀበቶው መስመር ልክ የተጋጋጠ ወይም የጠቆረ ምልክት ካለ፣ ልጁ ቢስቅም ቢጫወትም ሆስፒታል ውሰጂው። የአንጀት ጉዳት በመጀመሪያው ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ ሆዱ የሚነፋው፣ የሚያስመልሰው፣ ትኩሳቱ የሚነሳው በኋላ ነው። እዚያ እስክትደርሱ ምግብም ውሃም አትስጡት፤ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልገው ባዶ ሆድ መሆኑ ይጠቅመዋል። ወገቡን ካመመው ወይም እግሩን ደነዘዘኝ ካለ አታንቀሳቅሱት፣ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ምልክቱን ያየ ወላጅ «ቀበቶው ነው የጎዳው» ብሎ ቀበቶ እርም እንዳይል እፈራለሁ። ቀበቶ ባያስር ኖሮ ከመኪናው ይወጣ ነበር። መፍትሄው ልጁን ከፍ ማድረግ ነው።

ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ ቡስተር ይባላል። ስራው ቀላል ነው፤ ልጁን አንስቶ ቀበቶው በትክክለኛው ቦታ እንዲያልፍ ያደርገዋል፦ የታችኛው ከጭኑ ላይ ዳሌውን ተጠግቶ፣ የላይኛው በትከሻው መሀልና በደረቱ ላይ። ጀርባ ያለው ከተገኘ ለ5 ዓመት ልጅ ያ ይመረጣል፤ ሲተኛ ጎኑን ይይዘዋል፣ የትከሻውንም ቀበቶ ቦታ ያስይዛል። ቡስተር ትከሻም ላይ በሚያልፍ ቀበቶ ብቻ ነው የሚሰራው። ወገብ ላይ ብቻ በሚታሰር ቀበቶ አይሆንም። ስለዚህ ከኋላ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ።

ከሰርጉ በፊት ቡስተር ካጣችሁስ? ትራስ ወይም የታጠፈ ፍራሽ ከስሩ አታድርጉ። ይረገጣል፣ ይንሸራተታል፣ ልጁንም ከቀበቶው ስር ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ ጀርባውን ከወንበሩ ጋር አጣብቆ ይቀመጥ፣ የታችኛውን ቀበቶ በተቻለ መጠን ወደ ጭኑ ዝቅ አድርጊና አጥብቂው፣ የትከሻውንም ከጀርባው እንዳያሳልፍ አደራ በዪው። እንደ ቡስተሩ አይሆንም፣ ግን ከባዶው እጅግ ይሻላል። ያለ ቡስተር በራሱ መቀመጥ የሚችለው ጉልበቱ በወንበሩ ጫፍ ላይ ሲታጠፍና ቀበቶው በራሱ ትክክለኛ ቦታ ሲያርፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ50 ሲጠጋ ማለት ነው፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት ገደማ።

ጋቢናውን እርሱት። ከፊት ኤርባግ አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ኤስ አር ኤስ የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ኤርባግ ሲፈነዳ ለትልቅ ሰው ደረት ተብሎ በተሰላ ኃይል ነው የሚወጣው። የ5 ዓመት ልጅን ፊቱን ወይም አንገቱን ነው የሚያገኘው። ወደ ኋላ የዞረ የህጻን ወንበር ከፊቱ ካለ ደግሞ ወንበሩን ከነህጻኑ ወደ መኪናው ወንበር ይደፍቀዋል፣ ይገድላል። ልጅሽ ሲያለቅስ አትከራከሪው፣ ስራ ስጪው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት «ሁሉም ቀበቶ!» ብሎ የሚያዘው እሱ ይሁን፣ አባቱም የእሱን ትዕዛዝ ሳይሰማ ሞተር አያስነሳ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ደንብ ማስከበር ይወዳሉ። አባቱ አንድ ቀን ቀበቶ ረስቶ ሲያገኘው አይለቀውም።

ሰርግ ስለሆነ ዕቃ ይበዛል። የጅማ ሰው ባዶ እጁን አዲስ አበባ አይገባም። ማሩ፣ ቡናው፣ ቅቤው ይጫናል። 20 ሊትር ጄሪካን ማር ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከልጆቹ ጀርባ ሳይታሰር ከተቀመጠ የኩንታሉ ስሌት በእሱም ላይ ይሰራል። ከባዱን ከታች፣ ከኋላው ወንበር ጀርባ ጋር አጣብቃችሁ ጫኑ፣ በገመድም እሰሩት። የኋላ መስታወቱ ስር ያለችው መደርደሪያ ላይ ምንም አታስቀምጡ፣ ሃይላንድ ውሃም ቢሆን፣ ስልክም ቢሆን።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ህጻን በወንበሩ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ በተከታታይ ባትቆይ ይመረጣል። ስለዚህ ሰኮሩ አካባቢ አንድ፣ ወልቂጤ አንድ፣ ወሊሶ አንድ ብላችሁ አስቡት። መንገዱ ላይ ከባድ መኪናና ከብት ስለማይጠፋ በቀን ሂዱ። ስታለቅስ ምን ላድርግ ትይኝ ይሆናል። ጡት የምትሰጪያት ቆማችሁ ነው። ብዙ እናቶች ለደቂቃ ብለው ህጻኑን ፈተው ያጠባሉ፣ መኪናው እየሄደ። ፍሬን የሚያዘው ግን በዚያች ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ሰፊ ቦታ ፈልጎ ባለቤትሽ ይቁም፣ አጥቢያት፣ አስገሺያት፣ መልሰሽ እሰሪያት። ጉዞው አንድ ሰዓት ቢረዝም ሰርጉ አያመልጣችሁም።

ጊቤ ስትወርዱ ሙቀቱ ሌላ ነው። ጅማ ላይ የደረበችውን እዚያ አውልቂላት። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ከነበረ የማሰሪያውን ብረት መጀመሪያ በእጅሽ ንኪው፣ የህጻን ቆዳ ያቃጥላል። ምሳ ለመብላት ስትወርዱ «ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት» ብላችሁ መኪና ውስጥ ትታችኋት አትውረዱ። መስኮቱ የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፣ የህጻን ሰውነት ደግሞ ከትልቅ ሰው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ማድረጉ አያድናትም።

አሁን የከተማው ጥያቄ። ከቤትሽ እስከ ሄርማታ ወይም አጂፕ ምን ያህል ነው? አጭር ነው። ግን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ እንኳ ያቺ የ8 ኪሎ ልጅ ከ60 ኪሎ በላይ ሆና ነው እጅሽ ላይ የምትመጣው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ድንገት ይቆርጣል፣ ልጅ ይሮጣል፣ ፍሬን በየደቂቃው ነው። ወንበሩን መኪናው ውስጥ ታስሮ ተዉት፣ አታውጡት። ከዚያ እሷን ማሰር የአንድ ደቂቃ ስራ ነው። የኋላ በሮቹ ጠርዝ ላይ ልጅ ከውስጥ እንዳይከፍት የሚያደርግ ትንሽ መቆለፊያ አለ፣ እሱንም ዛሬውኑ አዙሩት።

ባጃጁ ከባድ ጥያቄ ነው፣ አልዋሽሽም። ቀበቶ የለውም፣ ጎኑ ክፍት ነው፣ የህጻን ወንበርም አይታሰርበትም። መኪና ካላችሁ ጠዋት አባቱ ቢያደርሰው በጣም ይሻላል። የማይቻል ከሆነ አንድ የምታውቁትን፣ የማይሮጥ ሹፌር ያዙ፣ በየቀኑ ያገኛችሁትን አትጥሩ። ከሹፌሩ ጎን ማንም ልጅ አይቀመጥ፤ ይሄ የማልደራደርበት ነው። ከኋላ ልጅሽ መሀል ይቀመጥ፣ ትልልቆቹ ልጆች ከዳርና ዳር። እጅና ጭንቅላት ወደ ውጭ የለም። ቦርሳው ጀርባው ላይ ሳይሆን እግሩ ስር ይሁን፤ ጀርባው ላይ ሲሆን ከመቀመጫው ጫፍ ላይ ያደርገዋል። ሲወርድ በቀኝ በኩል፣ ወደ እግረኛው መንገድ ይውረድ። ስንት ልጅ እንደሚጫን ሹፌሩን ፊት ለፊት ጠይቁት። እንደናንተ የሚጠቀሙ ሦስት አራት ወላጆች አንድ ሆናችሁ ብትነግሩት ይሰማል፤ አንድ እናት ብቻዋን ስትናገር «ታካብዳለች» ይባላል።

መኪና የሌላቸው እናቶችም ይህን ያነቡታል ብዬ አስባለሁ፣ ለእነሱም ልጨምር። በሚኒባስ ወይም በአውቶቡስ ስትሄዱ ጋቢናና ሞተር ላይ ካለው መቀመጫ ራቁ፣ ወደ መሀል ግቡ። ቀበቶ ያለው ወንበር ፈልጉ፣ ካለም ራሳችሁ እሰሩ፣ ህጻኑን ግን ከቀበቶው ውጭ ያዙት። በአንቀልባ ያዘላችሁት ከሆነ ሳትቀመጡ በፊት አውርዱት፤ ወንበሩን ስትደገፉ ይጫነዋል። ቁጭ ማለት የሚችል ልጅ የራሱን ቦታና የራሱን ቀበቶ ቢያገኝ ይሻላል፣ ሂሳቡ ቢጨምርም። የ0 እስከ 13 ኪሎ ወንበር ያላቸው ቀበቶ ባለው ሚኒባስም ሊያስሩበት ይችላሉ። ልጁ ሲያድግበት ደግሞ ወንበሩ ግርግዳ ስር አቧራ ከሚጠጣ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ይተላለፍ፣ አደጋ አለማየቱን እየተናገራችሁ።

ወንበሩን ካሰራችሁ በኋላ ሦስት ፎቶ ላኪልኝ። አንዱ ተለጣፊው ቁጥሩ እንዲነበብ ሆኖ፣ አንዱ ቀበቶው በሰማያዊው ሲያልፍ ከጎን፣ አንዱ ልጅቷ ታስራ ከላይ። ከመነሳታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ብትልኪው የሚስተካከል ነገር ካለ ጊዜ ይኖረናል።